ለትርሲት እናት የመሰከርኩት

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ለንስሐ አባቴ እንኳ የነገርኳቸው ግማሹን ነው። "በሰው ላይ ክፉ ተናግሬአለሁ አባቴ" አልኳቸው፣ እሳቸውም ስግደትና ጾም ሰጡኝ፤ ስግደቱን ሰገድኩ፣ ጾሙን ጾምኩ፣ ዋናውን ነገር ግን በሆዴ እንደያዝኩ ወጣሁ። ባለፈው ወር የተናገርኩ ቀንም እያለቀስኩ ነበርና ምኑን ተናግሬ ምኑን እንዳስቀረሁ አላውቀውም። ከነሥሩ የምናገረው ይኸው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ለእናንተ። ስትሰሙ አትዘኑልኝ። የታዘነልኝ ይበቃኛል።

ስለ እኔ በሰፈር የሚወራው ሌላ ነውና። "ሙሉ እኮ ያ ሰውዬ አሠቃይቷት፣ ጤናዋን ሊያሳጣት ነበር፣ እግዜር አወጣት" ይባላል። ውሸት አይደለም፣ ተሠቃይቻለሁ። ግን ያንን ሥቃይ እንደ ጋቢ ተከናንቤው ከሥሩ ሌላ ነገር ደብቄ ኖሬአለሁ። የተጎዳ ሰው ጥፋተኛ ሊሆን አይችልም ያለው ማን ነው? ሁለቱንም መሆን ይቻላል። እኔ ሆኜ አይቼዋለሁ።

ትርሲትና እኔ አቃቂ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክር ክፍል ውስጥ አብረን ነው የተቀጠርነው። የቀለበት መንገዱ ቃሊቲ ላይ ባለቀ ሰሞን ነው። ክር ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው ያንን ድምፅ ብነግረውም አይገባውም። ማሽኖቹ አንዴ ከተነሡ ጆሮ ሥር ቢጮኽ አይሰማም። ስለዚህ የክር ክፍል ሴት የምታወራው በከንፈሯ ነው። ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፣ ሦስት ማሽን ማዶ ያለችው ታነባለች። ሐሜቱ፣ ቀልዱ፣ "ፎርማኑ መጣ" የሚለው ሁሉ በከንፈር ነው። ዓመት ሁለት ዓመት ሲሠራበት ልማድ ይሆናል። ሰርቪስ ውስጥም፣ ቤትም፣ ልብስ እያጠብንም ትንሽ ሐሳብ ሲገባን ከንፈራችን ብቻውን ይሄዳል። ድምፃችንም ሲወጣ ጩኸት ነው። እናቴ ነፍሷን ይማረውና "ኧረ ቀስ በይ፣ አልደነቆርኩም!" ትለኝ ነበር። ይህን ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።

ትርሲት ከሁላችንም ድምፀ ትልቅ ነበረች። ሳቋ ከምግብ ቤቱ እስከ በሩ ይሰማል። አባቷ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፣ በልጅነቷ ሞተውባት ከእናቷ ከእትዬ አስካለ ጋር አሮጌው የባቡር ጣቢያ ጀርባ ትኖር ነበር። እኔ ያን ጊዜ ቤት ተከራይቼ ብቻዬን ነበርኩ፤ እሑድ እሑድ የምበላው እነሱ ቤት ነው። እትዬ አስካለ "ሁለት ልጆች አሉኝ" ይሉ ነበር፣ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ።

ብሩክ የጥገና ክፍል ኃላፊ ነበር። ለትርሲት ቀለበት አስሮላታል። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው የሚነሣ፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲተከል ቀድሞ እጅጌውን የሚሰበስብ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው ነው። እትዬ አስካለ ስሙን ሲጠሩ ራሱ ዓይናቸው ይበራ ነበር። እሱን የሚያውቀው ግን ብቻውን አብሮት የሆነ ነው። ዓርብ ቶታል ማደያው ጋ ጠብቂኝ ይላታል፤ ሁለት ሰዓት ቆማ ትጠብቀዋለች፤ ቅዳሜ ስትጠይቀው በርኅራኄ ያያትና "ትርሲ፣ እኔ እንዲህ አላልኩም። ምነው ሰሞኑን?" ይላል። ሳይቆጣ። ቢቆጣ እኮ ጥሩ ነበር።

አንድ ቀን ወደ እኔ መጥታ "ሙሉ፣ አንቺ ነበርሽ፣ ዓርብ አላለኝም?" አለችኝ። ነበርኩ። ብሎአታል። በሁለት ጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ግን "እንጃ፣ እኔ አልሰማሁም" አልኳት።

ለምን? ምን ላስመስል? እሱ ያን ሰሞን በእኔ በኩል ሲያልፍ ቆም እያለ "አንቺ ዝምተኛ ነሽ፣ አንቺ ሰው ትረጃለሽ" ይለኝ ጀምሮ ነበር። እኔን እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ትርሲት የሳቀችበት ቦታ ሁሉ እኔ ጥግ ነበርኩ። ቀንቼባታለሁ ብል አጭሩ እሱ ነው። ቀናሁ። የበላሁበት ቤት ልጅ ላይ ቀናሁ።

ከዚያ ነገሩ ገፋ። ትርሲት ሌላ ሴት እንዳለችው ሰማች፤ ሴትየዋ እኔ ሳልሆን ሌላ ናት፣ ያኔ እኔም አላወቅኩም። እናቷ ቤት ሲመጣ ጠብቃ በዚያ በክር ክፍል ድምፅዋ ጮኸችበት። ሰሃን ወርውራ ሰበረች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ፤ ስትጨርስ ለእትዬ አስካለ ቀስ ብሎ "እናቴ፣ እኔ አልተቀየምኩም፤ ልጅዎ አሟታል። ብቻዋን ስታወራ አላዩአትም?" አላቸው። እትዬ አስካለ ደነገጡ። አይተዋል እንጂ! ልጃቸው ማድ ቤት ቆማ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ድምፅ ሳይወጣ ከሌለ ሰው ጋር ስታወራ ስንት ጊዜ አይተዋል።

በማግስቱ አስጠሩኝ። ትርሲት ሥራ ላይ ነበረች፣ እኔ ሺፍቴ አልነበረም። እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። "ሙልዬ፣ አንቺ እህቷ ነሽ፤ አብረሻት ነው የምትውዪው። ስለ እግዜር እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ ብቻዋን ታወራለች?" አሉኝ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። "እትዬ፣ ይሄ የክር ክፍል ልማድ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ" ብል እዚያው ስቀን እናበቃ ነበር። አውቀው ነበር። ከማንም በላይ አውቀው ነበር። እዚያው እያሰብኩ የእኔም ከንፈር ሳይንቀሳቀስ አልቀረም፣ እንባ ጋርዶአቸው አላዩኝም እንጂ።

እኔ ያልኩት ይህን ነው፦ "አዎ እትዬ፣ እኔም ካየሁ ቆየሁ። ሥራ ቦታም እንዲሁ ናት። እርስዎን እንዳላሳስብ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

ይቺን የመጨረሻዋን ማን ጠየቀኝ? እኔ ነኝ ከራሴ የጨመርኳት። ብሩክ እንዲህ በይ አላለኝም። ካለፈው ወር ወዲህ "እሱ አስገድዶሽ ነው" የሚሉኝ አሉ፤ ሐሰት ነው። እሱ እዚያ ቤት አልነበረም። እኔ ነበርኩ፣ እኔ ነኝ ያልኩት፣ አውቄ ነው ያልኩት።

በሳምንቱ ከከተማ ወጣ ወዳለ ጠበል ወሰዷት። ሁለት ወር። ጠበሉን አላማም፣ ስንቱ ድኖበታል፤ የታመመ ሰው ነበር መሄድ የነበረበት። "አላመመኝም" ስትል "መንፈሱ ነው እንዲህ የሚያሰኛት" ተባለች። ስትጮኽ "ጮኸ" ተባለ። ልትሸሽ ብትል እትዬ አስካለ በገዛ መቀነታቸው እጇን አሰሩ፤ እያለቀሱ፣ እየሳሟት አሰሩ። በመጨረሻ ትርሲት ዝም አለች። ዝም ስትል እልል ተባለ፣ ዳነች ተባለ። ፋብሪካው ከሥራ ቀርታለች ብሎ አሰናበታት። እኔ አንድም ቀን ሄጄ አልጠየቅኳትም። በስድስት ወሩ ብሩክን አገባሁ፣ እትዬ አስካለም መረቁን። "የሷ ዕድል አልሆነም፣ አንቺን ይስጥሽ" አሉኝ። አፈር በበላሁ!

የመጀመሪያው ዓመት ደህና ነበር። ከዚያ ቁልፍ ካስቀመጥኩበት ይጠፋል፣ በኋላ ከራሴ ቦርሳ ውስጥ ይወጣል። ያላልኩትን "ብለሻል"፣ ያለውን "አላልኩም" ይላል። ጎረቤት ሲመጣ ደግሞ ትከሻዬን አቅፎ "ሙልዬ ሰሞኑን ደክሟታል፣ ምንም ብትናገር አትቀየሟት" ይላቸዋል። እኔ ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። ያላጠፋሁትን ይቅርታ መጠየቅ ሥራዬ ሆነ። በአራተኛው ዓመት መስኮት ለመክፈት እንኳ ፊቱን አይቼ ነው።

አንድ እሑድ ታላቅ ወንድሜን ታደሰን ጠርቶ አመጣው። ታደሰ ሶፋው ላይ ተቀምጦ እኔን እኔን ያያል። ብሩክ በዚያ በለሰለሰ ድምፁ "ከንፈሯን እየው" አለው፣ "ብቻዋን ታወራለች።"

ጡር ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ ቃል በቃል የሚመጣ ግን አይመስለኝም ነበር። ሳቄ መጣ። በእግዜር፣ ሳቅሁ! መሳቄን አይቶ ወንድሜ ጭራሹን አመነ። በሦስተኛው ቀን እኔም ጠበል ቦታ ነበርኩ። ትርሲት የነበረችበት አይደለም፣ ሌላ ነው፤ ግን በሄድኩበት መንገድ ሁሉ የማስበው እሷን ነበር። "አላመመኝም" ልል አፌን እከፍትና ምን እንደሚሉኝ ስለማውቅ እዘጋዋለሁ።

እዚያ የነበሩት አባ አስተዋይ ሰው ነበሩ። ሦስት ቀን አጠመቁኝ፣ ሦስት ቀን ስተኛ ዋልኩ። በአራተኛው ቀን ወንድሜን ጠርተው "ይቺ ልጅ እንቅልፍ ነው ያጣችው። እቤቷ ምን አለ?" አሉት። መልሱን ይዛ የመጣችው ትርሲት ናት።

ከድሮ የክር ክፍል ልጆች ሰምታ ነው። በሶና ብርቱካን በፌስታል ይዛ፣ ነጠላዋን አጥብቃ ደርባ መጣች። አራት ዓመት ሳላያት። እኔን ሰላም ሳትል በፊት ወንድሜን "ጋሼ ታደሰ፣ ከንፈሯ የክር ክፍል ልማድ ነው፤ እኔም አለብኝ፣ ሁላችንም አለብን። እህትህ ጤነኛ ናት፤ ወደዚያ ቤት አትመልሳት" አለችው። ዝቅ ባለ፣ በማላውቀው ድምፅ። ያቺ አንድ ዓረፍተ ነገር! እኔ ያልነገርኩላትን ለእኔ ነገረችልኝ። ወንድሜ አመናት፣ አባም ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ቀን በኋላ ብሩክ ቤት አልገባሁም፤ ፍቺውን ታደሰ ነው ቆሞ ያስጨረሰልኝ።

ትርሲት ቃሊቲ መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት ከፍታ ነበር፤ ለፋብሪካ ሠራተኞች ቱታ ትሰፋለች። አስገባችኝ። እሷ ዘንድ ተኛሁ፣ እሷ ዘንድ በላሁ፣ ስፌት አስተማረችኝ። መዳን እንዴት እንደሆነ ብትጠይቁኝ ምሳ ነው እላችኋለሁ። "ምን እንብላ?" ስትለኝ "አንቺ የፈለግሽውን" እላለሁ። "የኔን አልጠየቅኩም እኮ፣ ያንቺን ነው" ትለኛለች። በየቀኑ፣ ሳይሰለቻት። የምፈልገውን አላውቀውም ነበር። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ማክሰኞ ሳላስበው "ፓስታ! በርበሬ የበዛበት!" ብዬ ጮኽኩ። መቀሱን ጥላ አቀፈችኝ፣ ሁለታችንም እየሳቅን እያለቀስን ደንበኛ ገባብን። ከዚያ ወዲያ እየተሻለኝ ሄደ። ቁልፌን ካስቀመጥኩበት ሳገኘው "እሰይ" እላለሁ እስካሁንም።

አንድ ቀን ቱታ እየቆረጥን "ሙሉ፣ እኔ አልተቀየምኩሽም። አንቺንም እኮ አታሎሽ ነው፣ ያመመኝ መስሎሽ ነው" አለችኝ። ቀና ብዬ አየኋት። "አዎ" አልኳት።

አያችሁ? የመጀመሪያውን ስሠራ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ሞኝነት ነው፣ ቅናት ነው እንበል። ይህን ሁለተኛውን ስሠራ ግን ሁሉን የማውቅ ሴት ነበርኩ። ያላጠፋሁትን ጥፋት ይቅር አስባልኳት፣ ያጠፋሁትን ኪሴ ከተትኩ። ስምንት ዓመት!

የእሷ ግን አላበቃም ነበር። እትዬ አስካለ ልጄ ዳነችልኝ ብለው በየዓመቱ ኅዳር ጽዮን ስለት ያስገባሉ፤ ጧፍና ጃንጥላ። እኔ ነኝ ጃንጥላውን የምይዝላቸው፣ አስቡት። ትርሲት እሳቸው ቤት ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ካለ ያማትባሉ፣ እጃቸው አልጋው ሥር ወዳለው የጠበል ጀሪካን ይሄዳል። ስለዚህ ትርሲት ቀስ ብላ ማውራት ለመደች። ስፌት ቤቱ ውስጥ ደንበኞች "ምን አልሽ?" እያሉ ሦስት ጊዜ ይጠይቋታል። ያቺ ልጅ!

አንድ መምህር ሽማግሌ ልኮባት ነበር። እትዬ አስካለ ደግ ናቸው፣ ሰው ማታለል አይወዱም። "ልጄ ታማ ድና ነው፣ ደብቄ አልሰጣችሁም" አሏቸው። ሽማግሌዎቹ "እንመለሳለን" ብለው ወጡ፣ እስከዛሬ አልተመለሱም። እኔ ጓዳ ሽንኩርት እየከተፍኩ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሽንኩርቱን ከትፌ ጨረስኩ፣ ወጥ ሠራሁ።

ባቡሩ ቃሊቲ መመላለስ በጀመረ ማግስት ደግሞ ጌትነት መጣ። ቂሊንጦ ለሚሠሩ ሠራተኞች ሰርቪስ ይነዳል፤ አንዲት ቱታ ለማሳጠር ስድስት ጊዜ የተመላለሰ ሰው ነው። ትርሲት ወዳዋለች። እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ አላት። እሷ ግን ደስ ማለቱን ትታ "ያው እማዬ ትነግራቸዋለች" አለችኝ፣ መርፌ ላይ ክር እያስገባች። አላማረረችም፣ አላለቀሰችም። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ያ አለማልቀሷ ነው አላስቀምጥ ያለኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት እቤታቸው ሄድኩ። እትዬ አስካለ ምስር ይለቅማሉ፣ ትርሲት ለእሑድ የምትለብሰውን ቀሚስ ትተኩሳለች። ተቀመጪ ቢሉኝ አልተቀመጥኩም።

"እትዬ፣ ትርሲት ታማ አታውቅም" አልኳቸው።

"ምን ትላለች ይቺ? ጠበሉ እኮ ነው ያዳናት።"

"የሚድን ነገር አልነበረባትም። ብቻዋን አታወራም ነበር፤ ክር ክፍል ውስጥ ሁላችንም የምናደርገው ነው። ያን ቀን ሲጠይቁኝ አውቅ ነበር። አውቄ ነው የዋሸሁዎት። ማንም አላለኝም።"

ምስር የያዘው እጃቸው ቆመ። "እኔ እኮ አስሬአታለሁ" አሉ። "በእጄ አስሬአታለሁ።"

ትርሲት ካውያውን ከሶኬቱ ነቀለችው። "አውቀሽ?" አለችኝ በዚያች ትንሽ ድምፅ።

"አውቄ።"

"ይቅር ስልሽም?"

"ያን ጊዜም።"

ከዚያ ጮኸች። ወይኔ አጯጯኋ! አሥራ ሁለት ዓመት የታመቀ ነው የወጣው። "ሁለት ወር እኮ ነው! ሁለት ወር! አፌን አዘጋሽኝ! አብልቼሽ! አልጋዬ ላይ አስተኝቼሽ!" ስድቡን አልደግመውም፣ የሚገባኝ ነበር። ቀሚሱን ወረወረችብኝ። የግቢው ሰው ሁሉ ወጣ፣ በሩ ላይ ተሰበሰበ፤ አንዷ ጎረቤት "በስመአብ፣ ተነሣባት!" ስትል ሰማሁ። እኔ እትዬ አስካለን አየሁ። እጃቸው ወደ አልጋው ሥር፣ ወደ ጠበሉ ይሄዳል ብዬ ፈራሁ።

እትዬ አስካለ ተነሡ። ምስሩ ከጉልበታቸው ፈሰሰ። በሩ ድረስ ሄደው እዚያ ለተሰበሰበው ሰው "ልጄ ጤነኛ ናት" አሉ። "ጤነኛ ናት፤ ተናዳ ነው የምትጮኸው። ይገባታል።" ከዚያ ወደ እሷ ዞረው "ጩኺ እናቴ፣ ጩኺ፤ እኔም ላይ ጩኺብኝ" አሏት። ትርሲት ጮኸችባቸው። እሳቸውም ቆመው ሰሙ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። እኔ አልነበርኩም፣ አልተጠራሁም፣ አግባብም አይደለም። የሰማሁት ከታደሰ ነው፤ እሱ ተጠርቶ ነበር። ሽማግሌዎቹ ስለ ልጂቱ ጠባይ ሲጠይቁ እትዬ አስካለ "ትንሽ ቁጡ ናት፣ ድምፅዋም ትልቅ ነው፣ ከወዲሁ ልንገራችሁ" ብለው ሳቁ አሉ። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው።

ብሩክ የት እንደደረሰ ትጠይቁኝ ይሆናል። ወደ ሌላ ከተማ ሄዶ አግብቷል ይባላል፤ ደህና ነው ይላሉ። "የእጁን ያገኛል" የሚሉኝ አሉ። እኔ የማውቀው የራሴን ብቻ ነው። የእሱን እየጠበቅሁ ዕድሜዬን አልጨርስም።

ይቅር በይኝ አላልኳትም። አንድ ጊዜ ይቅርታዋን በውሸት ወስጃለሁ፣ ሁለተኛ እጄን አልዘረጋም። ብትሰጠኝ የእሷ ነው፣ ብትነሣኝም የእሷ ነው። አሁን ገላን አካባቢ አንድ ስፌት ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፣ የራሴ ክፍል አለኝ፣ የምበላውን ራሴ እመርጣለሁ፤ ይህንንም ያስተማረችኝ እሷ ናት። ትናንት በታክሲ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ ትርሲት በሯ ላይ ቆማ ጨርቅ ከሚያመጣላት ሰው ጋር ስትከራከር አየኋት። መስኮቱ ዝግ ነበር። ድምፅዋ ግን ታክሲው ውስጥ ድረስ ተሰማኝ፣ ሹፌሩም ዞር ብሎ "ይቺስ!" አለ።